ሙዚቀኛ ተንቀሳቃሽ የድምፅ መቅረጫ ሲገዛ
(ለሙዚቀኞች በቃል የቀረበና በኋላ በጽሑፍ የተሰናዳ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ድምፅ መቅረጫ ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚደውሉልኝ በችኮላ ነው። አክስታቸው ከዋሽንግተን ወይም ወንድማቸው ከዱባይ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፤ ሻንጣቸው ውስጥ ጥቂት ቦታ ተርፏል፤ ስለዚህም «የትኛውን ላስመጣ?» ለሚለው ጥያቄ የአንድ ቃል መልስ ይፈለጋል። እኔ ግን በአንድ ቃል መልሼ አላውቅም። «የምትቀርጸው ምንድን ነው? የት ሆነህ? የቀረጽከውንስ ማን ያዳምጠዋል?» ብዬ ስጠይቅ ከስልኩ ማዶ ዝምታ ይሆናል፤ ጠያቂው አጥንቶ የመጣው የዕቃውን ስምና በማሸጊያው ላይ የታተሙትን ቁጥሮች ነውና። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ከቁጥሮቹ የሚቀድሙበትን ምክንያት ነው። የመቅረጫው ጆሮ ማለትም ማይኩ፣ ማይኩ የሚቀመጥበት ቦታ፣ እንዲሁም ዝም በሚባልበት ጊዜ መሣሪያው ራሱ የሚያሰማው ሽሽታ የቀረጻውን መልክ ይወስናሉ፤ ቀሪው ሁሉ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ ነው።

እንዲህ አማርጦ መግዛት የተቻለው በቅርብ ጊዜ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር በነበሩበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ዘመን ዘፋኙ ወደ መቅረጫው ይሄድ ነበር እንጂ መቅረጫው ወደ ዘፋኙ አይመጣም። ትውልደ ፖላንዳዊው መሐንዲስ ስቴፋን ኩደልስኪ እ.ኤ.አ. በ1951 ስዊዘርላንድ ውስጥ «ናግራ» የተባለውን ተንቀሳቃሽ የቴፕ መቅረጫ ሲሠራ መንገዱ ተገለበጠ፤ ስሙ በፖላንድ ቋንቋ «ይቀርጻል» ማለት ነው። ዋጋው ግን ለሬዲዮ ጣቢያና ለፊልም ሠሪ እንጂ ለሙዚቀኛ ኪስ የሚሆን አልነበረም። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀው ካሴት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ዳት የተባለው ዲጂታል ቴፕ፣ በ1992 ደግሞ ሚኒዲስክ የተባለው ትንሽ ዲጂታል ዲስክ ተከተሉት። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ድምፁን በሚሞሪ ካርድ ላይ የሚያስቀምጡ፣ ማይካቸው በራሳቸው ላይ የተተከለ፣ በአንድ እጅ የሚያዙ መቅረጫዎች በዙ። የሚሽከረከር ሞተር ስለሌላቸው የሞተር ድምፅ የለባቸውም፤ ከእነርሱ የተገለበጠ ፋይልም እንደ ካሴት ከቅጂ ቅጂ አይደበዝዝም።

«ስልኬስ ይቀርጽ የለም ወይ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ «ይቀርጻል» የሚል ነው። ሌሊት ነቅቶ ያንጎራጎራት ዜማ እስኪነጋ እንዳትጠፋበት ለሚሻ የዜማ ደራሲ ከስልክ የተሻለ መቅረጫ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከትራሱ አጠገብ ነውና። ችግሩ የሚጀምረው ያንኑ ስልክ ከመሣሪያ ፊት ስናስቀምጠው ነው። የስልክ ማይክ በዋናነት የተሰናዳው ንግግርን ከቅርብ ለመያዝ ነው፤ ከማይኩ በስተጀርባ ያለው ሶፍትዌርም ዝግ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ፣ ንግግር ያልመሰለውን ደግሞ እንደ ጫጫታ እየቆጠረ ሊቀንሰው ይችላል። ዋሽንት በአንድ ድምፅ ላይ ረዘም አድርጎ ሲቆይ ድምፁ በቀረጻው ላይ እየሟሸሸ የሚሄድበት ጊዜ ያለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሶፍትዌሩ የማያቋርጠውን ድምፅ ከማራገቢያ ወይም ከሞተር ጩኸት አይለየውም። ይህን ማስተካከያ የሚያጠፉ መተግበሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ በመካከል ስልክ ሲደወል የሚሆነውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ሙዚቀኛ መቅረጫ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ከራሴ ልምድ ብነሣ፣ ከሚቀረጸው አሥር እጅ ዘጠኙ ለማንም የማይወጣ ልምምድ ነው። እየተጫወትን ሳለ ጆሯችን በጣታችን ሥራ ስለሚጠመድ የምንሰማው ያሰብነውን እንጂ ያወጣነውን አይደለም፤ ማሲንቆው የት ላይ እንደ ወረደ፣ ምቱ የት ላይ እንደ ፈጠነ የሚገባን ከቀረጻው ነው። ለዚህ ሥራ ትልቁ መመዘኛ የመቅረጫው ቅልጥፍና ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ለመነሣት ብዙ የሚቆይ፣ ሦስት ጊዜ ሜኑ ውስጥ ካልተገባ የማይቀርጽ ዕቃ በሁለተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሌላው ዓላማ የባንድ ልምምድን ወይም የመድረክ ሥራን መቅረጽ ሲሆን፣ ሦስተኛው ገጠር ወርዶ ከአረጋውያን ዜማ መሰብሰብ ነው። ሦስቱም በአንድ ዕቃ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚያስቸግሩባቸው ነገሮች የተለያዩ ስለሆኑ የትኛው እንደሚበዛባችሁ አስቀድማችሁ መወሰን ይኖርባችኋል።

አሁን ወደ ማይኩ ልግባ፤ ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ መቅረጫዎች ላይ የሚተከሉት ሁለት ማይኮች በአብዛኛው ከሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ከፊት የሚመጣውን ይበልጥ፣ ከኋላ የሚመጣውን ያነሰ የሚሰማው አቅጣጫ መራጭ ማይክ ነው፤ ሁለተኛው ከዙሪያው ሁሉ እኩል የሚሰማ ነው። ብዙዎቹ የዙም ኩባንያ ትንንሽ መቅረጫዎች አቅጣጫ መራጭ የሆኑትን ሁለት ማይኮች እንደ መቀስ አቆላልፈው በ90 ዲግሪ ያስቀምጧቸዋል። በዚህ አቀማመጥ የአንዱ መሣሪያ ድምፅ ለሁለቱም ማይኮች በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ቀረጻው ኋላ በአንድ ስፒከር ብቻ፣ ለምሳሌ በስልክ፣ ቢደመጥ እንኳ አይበላሽም፤ የግራና የቀኙም ልዩነት ጥርት ያለ ነው። የታስካም ኩባንያ ዲ አር 05 ኤክስ የተባለው መቅረጫ ደግሞ ከዙሪያ ሁሉ የሚሰሙ ማይኮች አሉት። እነዚህ ክፍሉን ከነማስተጋባቱ ይዘው ይመጣሉ፤ በአንጻሩ ወፍራሙን ድምፅ ከርቀትም ቢሆን አያሳሱትም፣ ነፋስና የተጫዋቹ ትንፋሽም እንደ አቅጣጫ መራጮቹ አያናውጣቸውም። አቅጣጫ መራጭ ማይክ ወደ ድምፁ በጣም ሲጠጋ ወፍራሙን ድምፅ ያጋንናል፤ ሲርቅ ደግሞ ያሳሳዋል። ስለዚህ ጥሩ በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ለሚደረደር በገና ከዙሪያ ሁሉ የሚሰማውን፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን በሚሰማበትና ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ ለሚለማመድ ክራር ተጫዋች አቅጣጫ መራጩን እመርጣለሁ።

ይህ ምርጫ ግን ከርቀት ጋር ካልታየ ትርጉም የለውም። ከደጅ፣ ግድግዳ በሌለበት፣ በማይኩና በመሣሪያው መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይቀንሳል፤ ክፍል ውስጥ ግን የመሣሪያው ቀጥተኛ ድምፅ ሲቀንስ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመለሰው አይቀንስም። ቀረጻው «ከጉድጓድ የወጣ» የሚመስለው በዚህ የተነሣ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ዕቃው ርካሽ በመሆኑ ነው ብሎ ውድ የሆነውን ይገዛና ያንኑ ድምፅ እንደ ገና ይሰማዋል። ማሲንቆን ከቆዳው ፊት በአንድ ስንዝር ስትቀርጹ የምታገኙት የደጋኑንና የፈረስ ጭራውን ፍትጊያ ነው፤ አንድ ሜትር ግድም ራቅ ስትሉ ፍትጊያው ከዜማው ጋር ይዋሐዳል። ዋሽንት ላይ ማይኩ ትንፋሹ ከሚያልፍበት መስመር ወጣ ብሎ፣ በጎን፣ በቀዳዳዎቹ ትይዩ ይቀመጥ። ክራር በግርፍ ሲመታና በጣት ሲነጠል የድምፁ ከፍታ እጅግ ስለሚለያይ የመቅረጫው የድምፅ ልክ መስተካከል ያለበት በግርፉ ነው። ከበሮና ጸናጽል አንድ ላይ ሲኖሩ ደግሞ የአንዱ ወፍራምና ድንገተኛ ምት፣ የሌላው እጅግ ቀጭን ጽልጽልታ ማንኛውንም ርካሽ ማይክ ያስጨንቃሉ፤ ለእነዚህ ከሁለት ሜትር ባላነሰ መራቅ መልካም ነው። መቅረጫውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አትጋድሙት፤ እግር ሲረግጥ የሚነሣው ንዝረት ሁሉ በጠረጴዛው በኩል ይገባበታል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ከሌላችሁ የታጠፈ ጋቢ ከሥሩ አድርጉ፤ እኔ ለዓመታት የሠራሁት እንዲሁ ነው፣ ጋቢው ክፍሉንም ትንሽ ያለዝበዋል።

ከማይኩ ቀጥሎ የሚመጣው ሽሽታ ነው። ማንኛውም መቅረጫ ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ሲያጎላ የራሱን የኤሌክትሪክ ሽሽታ አብሮ ያጎላዋል፤ ጥሩና መጥፎ መቅረጫ ከሚለይባቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ሽሽታ ምን ያህል ዝቅ ያለ ነው የሚለው ነው። ከፍተኛ ድምፅ ያለውን ባንድ ለሚቀርጽ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም፤ ሽሽታው በሙዚቃው ይሸፈናል። በገናን ለሚቀርጽ ግን ሁሉ ነገር ነው። አሥሩ አውታር ከእንዚራው፣ ማለትም ከሥሩ ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ጋር እየተነካካ የሚሰጠው ያ ጥዝጥዝታ ያለው ድምፅ ከአውታሩ ምት በኋላ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እየቀነሰ፣ እየራቀ፣ ዝምታ ውስጥ ሲገባ መስማት የመሣሪያው ግማሽ ውበት ነው። ሽሽታው ከፍ ያለ መቅረጫ ይህን ጅራት ይቆርጠዋል። አምራቾች ይህን በዴሲቤል ይገልጹታል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ መንገድ ስለማይለኩት በወረቀት ከማወዳደር ይልቅ በጆሮ መስማት ይሻላል፤ እንዴት እንደሚሰማ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ በገና ካነሣሁ የራሴን ስሕተት ልናገር። በአንድ ዐቢይ ጾም አንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪ ቤታቸው ተቀብለውኝ ለአንድ ሰዓት ያህል ደረደሩልኝ፤ እኔ ግን መቅረጫው ድምፁን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ማብሪያ ሳላጠፋ ቀርቻለሁ። ቤቴ ገብቼ ስሰማው እሳቸው በስንኝና በስንኝ መካከል ዝም ባሉ ቁጥር መሣሪያው «ድምፅ አነሰ» ብሎ ከፍ ሲያደርግ የግድግዳው ሰዓት፣ የጎረቤት ዶሮ፣ የመንገዱ መኪና ከሩቅ እየገሠገሡ ይመጣሉ፤ አውታሩ ሲመታ ደግሞ ሁሉም በድንጋጤ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ዳግመኛ እንዲደረድሩልኝ ለመጠየቅ አፈርኩ። ይህ ማስተካከያ ለስብሰባና ለቃለ መጠይቅ ይጠቅማል፤ ለሙዚቃ ግን መጥፋት አለበት፤ ስለዚህ በሩቅ ሜኑ ውስጥ ሳይሆን በግልጽ የሚታይ ማብሪያ ያለው ወይም ጌይኑን፣ ማለትም የድምፅ ማጉሊያውን ልክ፣ በእጅ የምታዞሩበት መቅረጫ ቢሆን ይመረጣል።

ወደ ቁጥሮቹ ልለፍ። በማሸጊያው ላይ 44.1፣ 48፣ 96፣ አንዳንዴም 192 ኪሎኸርዝ የሚል ታያላችሁ፤ ይህ መሣሪያው ድምፁን በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካው የሚገልጽ ነው። አንድ መቅረጫ በትክክል ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ የድምፅ ድግግሞሽ ከዚህ ቁጥር ግማሹን ያህል ነው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ስለሆነ 44.1 የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ጆሮ የሚሰማው ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ 48 ለማንኛችንም ይበቃል፤ ወደ 96 ማሳደግ ካርዱን በእጥፍ ፍጥነት ከመሙላት በቀር ለልምምድና ለመድረክ ቀረጻ የሚጨምረው የሚሰማ ነገር የለም። ቢቱ፣ ማለትም እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት የቁጥር ዝርዝር መጠን፣ ግን ሌላ ነው። 16 ቢት 96 ዴሲቤል ያህል በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለ ስፋት ሲሰጥ፣ 24 ቢት በቀመር ደረጃ 144 ይደርሳል፤ ምንም እንኳ የመሣሪያው ኤሌክትሮኒክስ እዚያ ባይደርስም፣ ትርፉ ጌይኑን ዝቅ አድርጎ በሰላም ለመቅረጽ ያስችላል። በ24 ቢት ስትቀርጹ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም መቅረጫው ሊይዘው ከሚችለው ጣሪያ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርጋችሁ ተዉት፤ ድንገት ዘፋኙ ቢጮኽ ቦታ አለው። መጠኑን ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀረጸ የግራና ቀኝ ድምፅ በሰዓት አንድ ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ 32 ጊጋባይት ካርድ ሠላሳ ሰዓት ግድም ማለት ነው። ይህን ያህል ቦታ እያለ በኤም ፒ ስሪ፣ ማለትም ተጨምቆ በሚያንስ ፋይል፣ መቅረጽ አያስፈልግም፤ ኤም ፒ ስሪ ለሰው ሲላክ የሚሠራ ቅጂ ይሁን።

በቅርብ ዓመታት የመጣውና ብዙ የሚወራለት ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ ቀረጻ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠሩ መቅረጫዎች አብዛኞቹ ድምፁን የሚለኩት ድምፅን ወደ ቁጥር በሚቀይሩ ሁለት መለወጫዎች ነው፤ አንዱ ለዝቅተኛው፣ ሌላው ለከፍተኛው ይሰናዳና ሁለቱ ወዲያው ይዋሐዳሉ። ውጤቱ አስገራሚ ነው፤ ጌይን አይስተካከልም፣ በኮምፒዩተር ላይ ተሰንጥቆ የሚታየው ድምፅ ዝቅ ሲደረግ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ራሱ እየተጫወተ ራሱን ለሚቀርጽ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ሻጮች የማይነግሯችሁን ላክልበት። ይህ ብልሃት የሚጠብቀው ከማይኩ በኋላ ያለውን መንገድ ነው፤ ማይኩ ራሱ የሚሸከመው ልክ አለው። በብዙዎቹ ትንንሽ መቅረጫዎች ላይ የተተከሉት ማይኮች 120 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርሱ መሰነጣጠቅ ይጀምራሉ፤ በእጅ በሚመታ ትልቅ ከበሮ አጠገብ ወይም ትልቅ ስፒከር ፊት ማይኩ ላይ የተሰነጠቀ ድምፅ በምንም ቢት አይጠገንም። ሽሽታውም አይጠፋም፤ ዝቅ ብሎ የተቀረጸውን በኮምፒዩተር ስታጎሉ ሽሽታው አብሮ ይነሣል። ፋይሉንም የሚከፍት ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ያልተስተካከለውን ፋይል በቀጥታ በቴሌግራም ለጓደኛ መላክ ግራ መጋባትን ያመጣል፤ ወይ በጣም ዝግ፣ ወይ በጣም ጯኺ ሆኖ ይደርሰዋልና።

ባንድ ያላቸው ሰዎች ከሚክሰሩ፣ ማለትም ከድምፅ መቀላቀያው፣ በቀጥታ ገመድ ስበው መቅረጽ ይወዳሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሁለት ወጥመዶች ግን አሉት። የመጀመሪያው፣ ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ በኤሌክትሪክ ኃይሉ ከማይክ ድምፅ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ለማይክ ብቻ በተሠራ መግቢያ ሲገባ ይሰነጠቃል፤ በብዙ ትንንሽ መቅረጫዎች ላይ ያለው ቀጭን ጃክ የተሠራው ደግሞ ለዚያው ለማይክ ነው። ስለዚህ መግቢያው «ላይን» የሚባለውን ደረጃ መቀበሉን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ ያስቃል፦ በትንሽ ቤት ውስጥ ሲጫወቱ ድራሙና ከበሮው ያለ ማይክ ስለሚበቁ በሚክሰሩ ውስጥ አያልፉም፤ ከሚክሰር ብቻ የተቀረጸውን ስትሰሙ ዘፋኙና ኪቦርዱ ያለ ምት ሲያዜሙ ታገኟቸዋላችሁ። የአራት ትራክ መቅረጫ፣ ማለትም አራት ድምፆችን ለየብቻ የሚይዝ፣ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ሁለቱን ከሚክሰር፣ ሁለቱን በራሱ ማይኮች ከአዳራሹ ይዞ ኋላ ለመቀላቀል ያስችላል፤ የጭብጨባውና የእስክስታው ሞቅታም አብሮ ይገባል። የተሻለ ማይክ ለማገናኘት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ኤክስ ኤል አር የተባለው የማይክ ገመድ መግቢያና በገመዱ በኩል ለማይኩ ኃይል የሚልክ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ያለውን ምረጡ፤ ኮንደንሰር የሚባሉት ስሱ ማይኮች አብዛኞቹ ያለዚያ አይሠሩም። ፋንተም ፓወር ባትሪ እንደሚበላ ግን አስቀድማችሁ እወቁ።

ባትሪ ካልሁ ዘንድ፣ በየገበያው የሚገኘውን ተራ ባትሪ ድንጋይ የሚጠቀም መቅረጫ ውስጡ ከታሸገ ባትሪ ካለው ይልቅ ለእኛ አገር ይስማማል እላለሁ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ወይም መብራት በሌለበት ገጠር የታሸገው ባትሪ ሲያልቅ ሥራው ያበቃል፤ ድንጋዩ ሲያልቅ ግን ሱቅ ደጅ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ በሜኑው ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ምረጡ፤ ቮልቱ ከተራው ስለሚያንስ መቅረጫው ቶሎ ያለቀ መስሎት የተሳሳተ ምልክት ያሳያችኋል። ፓወር ባንክም ይሠራል። ከግድግዳ መብራት ጋር ሲሰካ አንዳንድ አዳፕተር እምምም የሚል ድምፅ ስለሚጨምር ሳትሞክሩት በዋናው ቀን አትሰኩት። ቀረጻው ሳይዘጋ ባትሪው ቢያልቅ ፋይሉ ሳይከፈት ሊቀር እንደሚችልም አስቡ፤ በየዘፈኑ መካከል አቁሞ እንደገና ማስጀመር ርካሽ መድን ነው። ስለ ካርዱ ደግሞ፣ 128 ጊጋባይት ተብሎ እየተሸጠ ውስጡ ጥቂት ብቻ የሚይዝ የውሸት ካርድ በየአገሩ ገበያ ስለሚገኝ አምራቹ ካጸደቃቸው ዓይነቶች አንዱን ገዝታችሁ በመቅረጫው ውስጥ ፎርማት አድርጉት፤ ከሥራ በፊትም አንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት አስቀርጻችሁ ፈትሹት።

በሜኑ ውስጥ ከሚመጡት ተጨማሪ ነገሮች ለሙዚቀኛ እውነተኛ ጥቅም ያለው ቅኝቱን ሳይለውጥ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ማጫወቻ ነው። አንድ ማሲንቆ መቺ በፍጥነት የሚያልፋትን የጣት ጌጥ በግማሽ ፍጥነት፣ ያችኑ ቁራጭ ደጋግሞ መስማት ከመምህር አጠገብ እንደ መቀመጥ ይቆጠራል። የመቃኛ መለኪያው ግን ለእኛ ባህላዊ መሣሪያዎች እምብዛም አይረዳም፤ የተሠራው አሥራ ሁለቱን እኩል ግማሽ ድምፆች መነሻ አድርጎ ስለሆነ፣ በጆሮና በዘፋኙ ድምፅ የሚቃኝ አንቺ ሆዬ ወይም ባቲ በመካከሉ ሲወድቅ ቀይ መብራት ያበራል። ቀይ በበራ ቁጥር ክራራቸውን የሚያጠብቁ ተማሪዎች አይቻለሁ።

ስም ካልጠራሁ እንደማትለቁኝ ስለማውቅ ጥቂት ልበል። ለብቻ ልምምድ ከታስካም ዲ አር 05 ኤክስ ወይም ከዙም ኤች 1 ኢሴንሺያል በላይ ገንዘብ ማውጣት አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም። የመጀመሪያው በሁለት ተራ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ጌይኑ በእጅ የሚስተካከልና ከዙሪያ ሁሉ የሚሰማ ነው፤ ሁለተኛው በ32 ቢት ተንሳፋፊ የሚቀርጽ፣ መቀሳዊ ማይክ ያለውና ሜኑውን በድምፅ የሚያነብ ነው። ይህ የመጨረሻው፣ ምንም እንኳ አማርኛ ባይናገርም፣ ማየት ለተሳናቸው ሙዚቀኞች ትልቅ እርዳታ ነው። ባንድ ላላቸው ታስካም ዲ አር 40 ኤክስ ወይም ዙም ኤች 4 ኢሴንሺያል በአራት ትራክ የሚሠሩ፣ ሁለት ኤክስ ኤል አር መግቢያ ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የዙም ኢሴንሺያል ሦስቱ ዓይነቶች ለገበያ ሲቀርቡ ኤች 1 በአሜሪካ 100፣ ኤች 4 200፣ ኤች 6 300 ዶላር ገደማ ነበሩ፤ አክስታችሁን ስትጠይቁ ይህን መነሻ አድርጉ። የራሱ ማይክ የሌለውና ሁለት ኤክስ ኤል አር ብቻ ያለው ዙም ኤፍ 3 ጥሩ ማይክ አስቀድሞ ላለው ሰው ግሩም ነው፤ ማይክ ለሌለው ግን ጆሮ የሌለው ዕቃ ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከስምንትና ከአሥር ዓመት በፊት የወጣ ጥሩ መቅረጫ ዛሬም ይቀርጻል፤ የሚያረጁት የጃኩ መግቢያ፣ የባትሪው ክዳንና የጌይኑ ማዞሪያ ስለሆኑ እነርሱን በእጃችሁ ፈትሹ።

አሁን ሽሽታው በጆሮ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ቅድም የተውኩትን ላንሣ። ዕቃው እጃችሁ ሲገባ፣ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ፣ ሌሊት ፀጥ ባለ ክፍል የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ለሥራ በምትጠቀሙበት የጌይን ልክ የክፍሉን ዝምታ ለአንድ ደቂቃ ቅረጹ። ቀጥሎ መሣሪያችሁን ከአንድ ክንድ፣ ከአንድ ሜትርና ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ ያንኑ ዜማ፣ በያንዳንዱ ፊት ርቀቱን በአፋችሁ እየተናገራችሁ ተጫወቱ። ከዚያም መቅረጫውን በእጃችሁ ይዛችሁ ጣታችሁን በላዩ አንቀሳቅሱ፤ እየያዛችሁት የምትቀርጹ ከሆነ ይህ ድምፅ ሁልጊዜ አብሯችሁ ይኖራል። በማግሥቱ ጠዋት፣ ጆሯችሁ ካረፈ በኋላ፣ የዝምታውን ደቂቃ ከሁሉ አስቀድማችሁ አዳምጡ፤ ከሽሽታው በላይ የግድግዳው ሰዓት ወይም የሩቅ ውሻ ጩኸት ጠርቶ ከተሰማችሁ ዕቃው ለበገናም ይሆናል። ሦስቱ ርቀቶች ውስጥ የወደዳችሁትን ደግሞ የልምምድ ክፍላችሁ ወለል ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት።